የአባ አርዲዞኔ ሰፊ ሳጥን

ይድረስ በጳጳሱ ግቢ ለምትኖረው ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ድርቆሽ ሲታጨድ የሚይዝህ ሳል ዘንድሮም መጣብህ ወይስ የከተማው አየር ተስማማህ? እኛ ከነልጆቹ፣ ከነላሞቹ፣ ከነባሌ ከላንፍራንኮ የወገብ ሕመም ጭምር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። አሁን ካህን ነህና «እርስዎ» ልልህ ይገባኝ ነበር። ግን ንፍጥህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ፤ «አንተ» እልሃለሁ። ካስቀየመህ ለንስሐ አባትህ ንገረው።

ይህንን ብቻህን ሆነህ አንብበው። ጽሕፈቴ ጠማማ መሆኑን አውቃለሁ፤ አባ አርዲዞኔ አንተን ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ ከኋላ ሱፍ እየፈተልኩ የለቀምኩት ነውና ከዚህ በላይ አትጠብቅብኝ። ለሌላ ሰው ነግሬ እንዳላስጽፈው ጉዳዩ ለሌላ ሰው የሚነገር አይደለም። አይቡን ወደ ከተማ የሚያወርደው ሰውዬ ደግሞ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ «ቸኩያለሁ» ይለኛል፤ ወይን ቀድቼለት አፉን ይዤዋለሁ።

የላክህልኝ መልእክት ደርሶኛል። ደስ ይበልሽ ብለሃል። ጳጳሱ፣ በዚያ በግዝቱ ጊዜ ከሸለቆው ካህናት ሁሉ ቃላቸውን የጠበቁ አባ አርዲዞኔ ብቻ ናቸው ብለው፣ አፅማቸው ከመንደራችን ፈልሶ በካቴድራሉ መሠዊያ ሥር እንዲያርፍ ወስነዋል። ለቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል ትመጣላችሁ። ሳጥኑ ሕዝብ ፊት ይከፈታል። ሥራውንም «ለእኔ ይሰጠኝ» ብለህ የለመንከው አንተው ራስህ ነህ። ወንድሜ፣ ያ ሳጥን መከፈት የለበትም። እናታችን እዚያ ውስጥ ናት።

አሁን ቁጭ በል። ቁጭ ካልክም ተነስተህ በሩን ዝጋ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ ነገሩን ከላይ ሆነህ ነው የምታውቀው፣ እኛ ከታች ነው የኖርነው። የሸለቆው ሹማምንት የጳጳሱን ዳኛ ይዘው ግንብ ውስጥ ሲቆልፉት እኛን ማንም አላማከረንም። ዳኛው በግጦሹ ላይ የፈረደው ግፍ ነበር፤ ሰዎቹም ያደረጉት ጥጋብ ነበር። እኔ በሁለቱም ነገር እጄ የለበትም። ጳጳሱ ግን አገሩን ጠቅልለው ገዘቱ። ይኸው ሰውዬ፣ አይብ አውራጁ፣ ካቴድራሉ ውስጥ ቆሞ አይቶ ነው የነገረን። ካህናቱ ክብ ሠርተው ቆሙ፤ እርግማኑ ተነቦ ሲያልቅ የበራውን ሻማቸውን መሬት ጥለው በእግራቸው አጠፉት፤ አንተም ከመካከላቸው ነበርክ፣ ያውም አጥብቀህ ነው የረገጥከው አለን። እማዬ ቅቤ እየናጠች ነበር። መናጧን አላቆመችም። ትንሽ ቆይታ የልጄ ጫማ አዲስ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ፣ አዲስ ነው አላት። ደስ አላት፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

አባ አርዲዞኔ በዚያው ሳምንት ደወል ቤቱ ላይ ወጥተው የደወሉን ምላስ በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ በጆንያ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስቀመጡት። ቅዳሴ ቀረ። ሠርግ ቀረ። ሕፃን በደጀ ሰላም ይጠመቅ ነበር፣ የሚሞትም ይናዘዝ ነበር፤ የሞተ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይገባም። ታዲያ ሰው ሬሳውን የት ያድርገው? አንዳንዱ በድንጋይ አጥር ውስጥ ጎድጓዳ አበጅቶ አስገባ። ሽማግሌው ቦናኮርሶ ከነሳጥናቸው በፖም ዛፋቸው ላይ ታስረው ከረሙ፤ ልጆቹ ከሥሩ ሲያልፉ ኮፍያቸውን ያወልቁላቸዋል። የታችኛው መንደር ቄስ አላስቻለውም፤ ሕዝቡ ሲያለቅስበት ጊዜ ደወሉን ደውሎ፣ ፍትሐት ፈትቶ ቀበራቸው። ከዚያ የጳጳሱ ሰዎች መጡ። የተቀበሩትን አውጥተው ከአጥር ውጭ ጣሏቸው፤ ቄሱንም አባረሩት። ውሾቹ ምን እንዳደረጉ አልጽፍልህም። አንተ ያኔ ወረቀቱ ላይ «ሕጉ ተፈጸመ» የሚል ነገር ሳትጽፍ አልቀረህም።

እማዬ የሞተችው በረዶው መውረድ ሲጀምር ነው። ደረቷን ነው ያመማት፤ ይህን ያኔም ልኬልሃለሁ። ያልላክሁልህን ልጻፍልህ። አባ አርዲዞኔ ሊያናዝዟት መጥተው በሩን ዘግተው በጣም ቆዩ። የእማዬ ኃጢአት ይህን ያህል የሚያስቆይ አልመሰለኝም ነበር። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ጢሱ ነው አልኩ። እንጀራ አባት አላመጣችብንም፣ ሰው ቤት ሄዳ አላማችም፤ አባታችንን ተራራው ላይ በረዶ ከበላው ወዲህ፣ አንተ ሳትወለድ ማለት ነው፣ ሥራዋ ላሞቿ፣ ጡታቸው የደረቀባቸው አራሶችና የቤተ ክርስቲያኑ ጨርቅ ብቻ ነበር።

በሞተች ማግስት ደጃቸው ሄጄ ለመንኳቸው። በግቢው ጥግ፣ ማንም በማያይበት፣ ያለ ጸሎትም ቢሆን ይቅበሯት አልኳቸው። አይሆንም አሉኝ። ቃሉ የጳጳሱ ነው፣ እኔ እጄ ታስሯል አሉኝ። ያኔ አፌን ከፈትኩባቸው። ዕድሜዋን ሙሉ የመሠዊያዎን ጨርቅ ያጠበች ሴት ናት፣ ለውሻ እንኳ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እርስዎ ካህን ሳይሆኑ የጳጳሱ አሽከር ነዎት አልኳቸው። ከዚህም የባሰ ብያለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ ያ ቀስ ማለታቸው ነበር ይበልጥ ያናደደኝ።

ላንፍራንኮ በበረዶ መንሸራተቻው ጭኖ ላይኛው ግጦሽ ላይ ወዳለው ድርቆሽ ቤታችን ወሰዳት። እዚያ ብርዱ ሬሳ ያቆያል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ምጣድ ጥጄ እነሳለሁ፤ ላም ማለብ ጀምሬ እነሳለሁ። አንድ ቀን በበረዶው ላይ የቀበሮ ዱካ አየሁ፤ የድርቆሽ ቤቱን በር ዞሮ ዞሮ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየወጣሁ እሾህ እከምርበት ጀመር። የጎረቤት ሰው አብዳለች ብሏል፤ ላንፍራንኮም አላስተባበለም።

አባ ደግሞ ጭራሽ ጠነከሩ። በመንገድ ቆመው አባታችን ሆይ የሚሉ ሴቶችን እንኳ ወደየቤታችሁ እያሉ ይበትኗቸው ነበር። ሰው ሲያልፉ ምራቁን ይተፋባቸዋል። በራቸው ላይ እበት ለጥፈውባቸዋል፤ የማን ልጆች እንደሆኑ አውቃለሁ፣ አልተቆጣኋቸውም። በዚህ መሐል አናጢው ኦቤርቶ እየሳቀ ቤቴ ገባ። አባ ለራሳቸው የሬሳ ሳጥን አዘውታል፣ ልኩንም በእጃቸው ለክተው ሰጥተውታል፤ ስፋቱን ሲያይ ለርስዎ ነው ወይስ ለበሬ ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል። «ስተኛ መገላበጥ እወዳለሁ» አሉኝ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መጃጀታቸው ነው አልኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታመው ተኙ፤ አስጠሩኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። እሳታቸው ጠፍቶ ነበር፤ ላቀጣጥልላቸው ስነሳ ተቀመጪ አሉኝ። ቃላቸውን እንደነገሩኝ ነው የምጽፍልህ።

«ለማንም አልቀደስኩም፤ ለማንም ደወል አልደወልኩም። ግዝቱን የጠበቀ ካህን ያለ ደወል፣ ያለ ዜማ፣ በግቢው ይቀበራል፤ ሕጉ እንዲህ ነው። አንዴ ብሰብረው ኖሮ እኔንም ከአጥር ውጭ ይጥሉኝ ነበር፣ እሷም መግቢያ ታጣ ነበር። ሳጥኑ ሰፊ ነው፣ ልጄ። ስሞት ጎህ ሲቀድ አምጫት።»

የእኔ ስድብ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ምራቅ፣ ያ ሁሉ እበት፣ ይህን ይዘው ነው የቻሉት። እጃቸውን ይዤ፣ አባ፣ ለምን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዕድሜ ልካችንን አንድ ቀን በአንድ በር አልገባንም» አሉ። ደግሞም፣ «ለልጁ አትንገሪው። እጁ ቅብዓት ነክቶታል፤ ክህነቱን ያነሱበታል» አሉኝ።

የትኛው ልጅ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ከዐቢይ ጾም በፊት አረፉ። ያለ ደወልና ያለ ዜማ ስለሆነ ለቀብሩ የተጠራ ሰው አልነበረም፤ ቢጠራም የሚመጣ አልነበረም። እኔ አጥቤ ገነዝኳቸው። ላንፍራንኮ ከላይ ድርቆሽ ጭኖ የወረደ መስሎ እማዬን አመጣት። መጀመሪያ እሷን በግድግዳው በኩል አጋደምናት፣ ከዚያ እሳቸውን ከጎኗ። ኦቤርቶ፣ ያ ሲስቅ የነበረው፣ ኮፍያውን አውልቆ ትክ ብሎ አያቸው፤ ልኩ ልክ ነው አለ። ምስማሩን ድምፅ እንዳይሰማ በጨርቅ ላይ መታው። ጸሎት የሚያውቅ ሰው መሐላችን አልነበረም፤ እኔ የማውቀውን ብያለሁ፤ ፊደሉም ጸሎቱም ከሳቸው የተማርኩት ነው።

በጰራቅሊጦስ ሰሞን ከሮማ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መልእክተኛ መጥተው አስታረቁ፣ ዳኛው ተፈታ፣ ግዝቱም ተነሳ። ሰው ሁሉ ሬሳውን ከያለበት እያወረደ ሲያስቀብር የእማዬ ሳጥን የታለ እንዳይሉኝ በሌላ ሳጥን የጥድ ግንድና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሞልቼ አስቀበርኩ። አንተም መጣህ። ፍትሐቱን በዚያ በሚያምር ድምፅህ አዜምክ። መቃብሩ ላይ ተደፍተህ ስታለቅስ መንደሩ ሁሉ አብሮህ አለቀሰ። ለግንድ ነው ያለቀስከው፣ ወንድሜ። አጠገብህ ቆሜ ልነግርህ ከንፈሬን ሁለቴ አላቅቄያለሁ፤ ግን የጳጳሱ ሰዎች በግራም በቀኝም ቆመውልህ ነበር። አባ እንዴት ሞቱ ብለህ ስትጠይቀኝም ተደናግጬ ምስጋና አበዛሁ። እንደሳቸው ያለ ታዛዥ ካህን የለም፣ ከጳጳሱ ቃል ዝንፍ አላሉም አልኩህ። አፌን ቁርጥ ያድርገው። አንተ ያንን ይዘህ ሄደህ ነው ለጳጳሱ የነገርካቸው፤ ይህን ጣጣ ያመጣነው ሁለታችን ነን።

ሌላም አለ። ጎረቤታችን ቤላፊዮር ከወለደች በኋላ ወተቷ ደርቆባት ነበር። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደክሟት የአባ መቃብር ላይ አረፍ አለች፤ ሌሊቱን ጡቷ ሞላ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ጡት የደረቀባት ሴት ሁሉ ከማዶ ተራራ ሳይቀር ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች። አፈሩን በመሐረብ ይቋጥራሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ጳጳሱ የላኳቸው መርማሪ ቄስ መጥተው፣ እኚህ ድንግል መነኩሴ የመሰሉ ሽማግሌ ለሚያጠቡ ሴቶች ለምን እንዲህ አዘኑ ብለው ጠየቁኝ። የቅዱሳን ነገር ይታወቃል እንዴ አልኳቸው። አባ አርዲዞኔ ስለ ጡት ወተት ምን ያውቃሉ! በዚህ ሸለቆ ወተት የከዳት ሴት ሁሉ ወደ ማን እጅ ትሮጥ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። እማዬ ሞታም ሥራዋን አልተወችም፤ ስሙ ግን ለሌላ ሆነ። ሳስበው አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

አሁን ነገሩ ገባህ። በስውር ላውጣት ብል መቃብሩ ቀን ከሌት ሰው አይለየውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው ባይኖርበትም አልቆፍረውም። የጳጳሱ መልእክተኛ በቅሎ መስላኝ ውሻ በጮኸ ቁጥር እየተነሳሁ መንገዱን አያለሁ። ሳጥኑ ከተከፈተ እሷን በግዝት ጊዜ በስርቆት የተቀበረች ብለው እንደታችኛው መንደር ሰዎች ከአጥር ውጭ ይጥሏታል። ኦቤርቶንና ላንፍራንኮን ያስሯቸዋል። እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ፤ ጀርባዬ ሰፊ ነው።

ስለዚህ ወደ ጳጳሱ ግባ። አባ አርዲዞኔ ሲሞቱ ከተቀበርኩበት አታውጡኝ ብለው ተናዝዘዋል፣ ምስክሮቹም እህቴና አናጢው ናቸው በላቸው። ውሸት አይደለም፤ ባይሉትም ማለታቸው ነው። ታዛዥ ሰው ከሞተ በኋላ ፈቃዱን ማፍረስ አይገባም በላቸው፣ አንተ ይህን በላቲን አሳምረህ ትለዋለህ። አልሰማም ካሉህ ሌላውን ንገራቸው። ሰው ስለ ግጦሽ ብሎ ዳኛ ያሰረ አገር ነው፤ የሚስቶቹን ወተት ሊወስዱበት ሲመጡ ምን እንደሚያደርግ ይገምቱ በላቸው። ሴቶቹ ከአሁኑ ሰምተው የድርቆሽ መንሻቸውን መቃብሩ ላይ ደርድረዋል፤ ይህንን አልጨመርኩበትም።

ይህም ሁሉ ካልሆነ፣ መምጣታችሁ ካልቀረ፣ አንተ ቅር። አሞኛል በል፣ ሳልህ አለልህ። ሌላ ሰው ይላኩ። እኔ ልታሰር፣ እሷም ትጣል፣ እኔ ሄጄ በእጄ እለቅማታለሁ። አንተ ግን በዚያ ሳጥን አጠገብ እንዳትቆም። መሬታችን ቀዝቃዛ ነው፤ የቀበርነውን ፊት ቶሎ አያበላሽም። ክዳኑ ሲነሳ ሕዝቡ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ያያል፤ ቀጥሎ ደግሞ ቀና ብሎ ክዳኑን የያዘውን ካህን ፊት ያያል።

አይብ አውራጁ ወይኑን ጨርሶ ተነስቷል፤ በቅሎውን እየጫነ ነው። ከትልቁ አይብ ሥር የሱፍ ካልሲ አድርጌልሃለሁ፤ ልጆቹ እጅህን ይስማሉ፣ ትንሿ እማዬን መስላ አፍንጫዋ ረዝሟል። እመቤታችን ከክፉ ዓይን ትሰውርህ። የሄድክበት መንገድ ይቅናህ፣ ምላስህን ጳጳሱ ፊት ታቅናልህ፣ የያዝከውን ክህነት ማንም አይንካብህ። ለዚህ ሲባል ብዙ ዝም ተብሏል፣ እኔም ከዚህ ወዲያ ዝም እላለሁ። ወረቀቱን አንብበህ እሳት ውስጥ ክተተው።

የምትወድህ እህትህ፣
የእናትህ ልጅ